ኤሚር ቃንቡጋ ዓባይን እንዴት እንዳስሞሉት

«እልል በሉ! ከበሮው ተሰማ! መጡ!» ብለው ሲት ሀኑና ከጣሪያቸው ላይ የጮኹት ለልጅ ልጃቸው ሙሽራ ነበር።

ሙሽራው ኑዕማን የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው። ከወንዙ ማዶ በጀልባ ተሻግሮ፣ አህያ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ከበሮ አስቀድሞ በሰሜን በር ሊገባ ቀጠሮ ነበረው። ከበሮውም በተባለው ሰዓት፣ በተባለው በር ተሰማ። የሰፈራችን ሴቶች እልልታውን ለቀቁት፤ ከክፉ ዓይን ይጠብቅ ዘንድ በሠርግ የሚበተነውን ጨውም በእፍኝ በእፍኝ ወደ ታች ዘሩት። አቧራው ገለል ሲል ከጣሪያው ሥር የተገኙት ስልሳ ፈረሰኞችና ጥምጥማቸው ላይ ጨው የተነሰነሰባቸው አንድ ወፍራም ኤሚር ነበሩ።

በታላላቅ መጻሕፍት «ከተማይቱ ያለ ደም እጇን ሰጠች» ተብሎ የሚጻፈው ነገር፣ እንግዲህ፣ እንዲህ ያለው ነው።

ኤሚር ቃንቡጋ ከተማችንን ለመያዝ ሦስት ቀን ተጉዘዋል። መሰላል አስጭነዋል፤ ቢሞቱ የሚቀበሩበትን ልብስ ሳይቀር ይዘዋል። በዚያ ዓመት ካይሮ ላይ ሱልጣኑ ማን እንደ ሆነ ካይሮ ራሷ አታውቅም ነበርና፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ከተማ ይይዝ ነበር። እልልታው ሲዘንብባቸው ግን ኤሚሩ ሰይፋቸውን መለሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህ ሕዝብ ስንት ዘመን ጠብቆኛል!» አሉ።

በሩን የከፈተው ዘበኛ «እንኳን ደህና መጣህ ሙሽራው!» ነበር ያለው። የኤሚሩ ጸሐፊ ዘይኑዲን ግን ቃሉን አስተካክሎ «እንኳን ደህና መጡ ድል አድራጊው!» ብሎ መዘገበው። ታሪክ የሚጻፈው በጆሮ ሳይሆን በብዕር ነው፤ ጆሮ ደመወዝ የለውም።

ለሠርጉ የተጠበሱት አርባ ዳክዬዎች ለጦሩ ቀረቡ። ማለቴ፣ ጦሩ ወደ ዳክዬዎቹ ቀረበ። እውነተኛው ሙሽራ ዘግይቶ በአህያው ደረሰና በሩን ቢያንኳኳ፣

«ማነህ?» አለው ዘበኛው።

«ሙሽራው ነኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ሙሽራው ገብቶ ምሳ እየበላ ነው።»

ሲት ሀኑና ባዶውን ድስት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ በር ፋርስ ገብቷል» አሉ፤ «ግሪክ ገብቷል፤ ሮም ገብቷል፤ ዓረብም ቱርክም ገብቷል። ሁሉም አገሬን ወስዷል፣ ይሁን። ዳክዬዬን የወሰደ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።»

ከምሳ በኋላ የመጀመሪያው አዋጅ ወጣ፦ ኤሚሩ በከተማው እስካሉ ድረስ ከእሳቸው ከበሮ በቀር ሌላ ከበሮ አይመታም። ያለ ከበሮ ደግሞ በእኛ ዘንድ ሠርግ የለም፤ ያለ ከበሮ የገባች ሙሽራ ተሰርቃ ነው የምትባለው። ስለዚህ የሲት ሀኑና የልጅ ልጅ የሙሽርነት ቀለሟ ሂና እጇ ላይ እንደ ደመቀ ቁጭ አለች፤ ኑዕማንም ከአህያው ጋር እኔ ቤት አደረ።

አሁን ስለ ወንዙ ልናገር። በእኛ አገር ገዥ የሚመዘነው በሰይፉ አይደለም፣ በውሃ ነው። በዘመኑ ዓባይ አሥራ ስድስት ክንድ ከሞላ ፈጣሪ ወዶታል፤ ካልሞላ ጠልቶታል። የሚሞላው በየዓመቱ በዚያው ወራት ነው፤ ይህ ግን የገዦችን ምስጋና የሚቀንስ ነገር ስለሆነ ማንም አያነሳውም።

የውሃውን ልክ የሚያውቀው ጎረቤቴ ሪዝቀላህ ነው። ወንዙ ዳር ባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ ደረጃ ያለው ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ከሥር ይገባበታል። ከመካከሉ ክንድና ጣት የተቀረጸበት ዓምድ ቆሟል። ሪዝቀላህ ማለዳ ማለዳ ወርዶ አይቶ ለከተማው ይናገራል፤ አባቱም እንዲሁ፣ አያቱም እንዲሁ፣ እስከ ሰባት ትውልድ። አሥራ ስድስት ሲሞላ የቦያችን ግድብ ይቆረጣል፤ ውሃው ማሳችን ላይ ይተኛል፤ ሲሸሽ ስንዴና ባቄላ እንዘራለን። ሳይሞላ ከተቆረጠ ግን ደካማው ውሃ ደለሉን ቦዩ አፍ ላይ ይተፋዋል፤ ጉሮሮው ይዘጋል፤ እውነተኛው ሙላት ሲመጣ መግቢያ ያጣል። ያን ዓመት አራት መቶ ቤት ይራባል። ይህን በከተማችን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ለገዥ አይነገርም።

ኤሚሩ ሪዝቀላህን አስጠሩት።

«ወንዙ ስንት ደርሷል?»

«አሥራ ሁለት ክንድ፣ ጌታዬ።»

«ለዓርብ አሥራ ስድስት ይሁን።»

«ማን ይሁን?»

«ወንዙ ነዋ! ዓርብ ስሜ በመስጊድ ይጠራል። ስሜ ተጠርቶ ወንዙ አሥራ ሁለት ላይ ሊቆም ነው?»

«ጌታዬ፣ ወንዙ የሚታዘዘው ከላይ ነው።»

«እኔስ ከታች መጣሁ እንዴ?» አሉ ኤሚሩ። በልጅነታቸው ከሩቅ የሰሜን ሜዳ በባርነት ተገዝተው የመጡ ሰው ናቸው፤ ወንዝ የሚያውቁትም እዚያ ነው። «በአገሬ ወንዝ ላይ በፈረስ እናልፍ ነበር። ቀጥ ብሎ ይተኛል! ውልፍት አይልም!»

«በረዶ ሆኖ ነው እኮ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው ዘይኑዲን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ።

«ሥርዓት ይዞ ነው!» አሉ ኤሚሩ። ቀጥለውም፣ ወንዙ ለዓርብ ካልሞላ ሪዝቀላህ የውስጥ እግሩን ሃምሳ እንዲገረፍ አዘዙ። ወንዙን መግረፍ ስለማይመች።

መጀመሪያ የተሞከረው እምነት ነው። ሼኹ፣ ቄሱና የሁለቱ የአይሁድ ቤቶች ሽማግሌ ተጠሩ። ሦስቱ ውሃ በቀነሰ ቁጥር ወንዙ ዳር አብረው ሲጸልዩ የኖሩ፣ ጸሎቱ ሲያበቃም ሼኹ ቤት በአንድ ገበታ ፉል የሚበሉ ወዳጆች ናቸው። ኤሚሩ ግን ወዳጅነት ሥራ እንደሚያደክም ያውቃሉ።

«የማን ጸሎት እንዳስነሳው ይጣራል» አሉ። «ያሸነፈው ወገን በዓርቡ ሰልፍ ከፊት ይሄዳል።»

ማክሰኞ ተጸለየ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ሼኹ ይህን አይተው ሁለት እርምጃ ቀረቡ። የአይሁዶቹ ሽማግሌ እስከ ጉልበታቸው ገቡና ጫማቸውን ወንዙ ወሰደው። ረቡዕ ማለዳ ሪዝቀላህ ከጉድጓዱ ወጥቶ «ሦስት ጣት ጨምሯል» አለ። ለሦስት ሃይማኖት ሦስት ጣት! ፈጣሪ ማካፈል ያውቅበታል ተባለ፤ ሦስቱም ተቃቀፉ። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ጣት ጎደለ። የጎደለው ጣት የማን ነበር የሚለው በከተማችን እስከ ዛሬ ያልተፈታ የሃይማኖት ክርክር ነው፤ ፉሉም የቀረው ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው።

እምነት እንዲህ ከሆነ በኋላ ወደ ጦርነት ተዞረ። በምክር ቤቱ ጸሐፊው ዘይኑዲን ተነስቶ፣ ውሃውን የያዘብን የሐበሻ ንጉሥ መሆኑን በቂ ማስረጃ በሌለው ድምፅ አስረዳ። ይህ በእኛ አገር የቆየ ጥበብ ነው፤ ወንዙ ሲጎድል የሐበሻው ንጉሥ ጥፋት፣ ሲሞላ የገዛ ገዣችን ልማት።

«እንውጋው!» አሉ ኤሚሩ ብድግ ብለው። «ስንት ቀን ያስሄዳል?»

«ሦስት ወር፣ ጌታዬ።»

«ሜዳ ነው?»

«ሽቅብ ነው።»

«ሦስቱም ወር?»

«መጨረሻው ላይ ደግሞ ይብሳል ይላሉ።»

ኤሚሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ምሬዋለሁ ብለህ ጻፍ» አሉ።

የሐበሻው ንጉሥ ምሕረት እንደ ተደረገላቸው ሰምተው እንደ ሆነ አላውቅም። በእኛ በኩል ግን ተመዝግቧል።

ሐሙስ ማለዳ ሪዝቀላህ እንደገና ተጠራ።

«አሥራ ሁለት ክንድ ከሁለት ጣት» አለ፣ አንዱን እግሩን በአንዱ ላይ እያሻሸ።

ኤሚሩ አልተቆጡም። ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው ነበር፤ የሚያስብ ገዥ ደግሞ ከሚቆጣው ይልቅ ይከፋል።

«ዓምዱ የማን ነው?» አሉት።

«የመንግሥት ነው፣ ጌታዬ።»

«ውሃውስ?»

«የእግዚአብሔር።»

«እንግዲያው እኔ የራሴን አስተካክዬ የእርሱን ለእርሱ እተወዋለሁ። ይህ ነው ፈሪሃ እግዚአብሔር!» ብለው ዓምዱ ተፍቆ እንደገና እንዲቀረጽ፣ አሥራ ስድስት የሚለውም ምልክት አሥራ ሁለት የነበረበት ቦታ ላይ እንዲወርድ አዘዙ። በከተማው ድንጋይ ጠራቢ ተፈለገ። ከኑዕማን በቀር አልተገኘም።

ኑዕማን ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት ሲት ሀኑና ጣሪያ ላይ ተሰበሰብን፤ እሳቸው፣ ሪዝቀላህ፣ ኑዕማንና እኔ። ሪዝቀላህ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰባት ትውልድ!» አለ። «ሰባት ትውልድ አንድ ጣት ዋሽተን አናውቅም። አሁን ወጥቼ አሥራ ስድስት ልበል? ነገ ግድቡን ቢቆርጡትስ? ልጆቻችን ምን ይበላሉ?»

«አንተ ሪዝቀላህ፣ ማን ዋሽ አለህ?» አሉ ሲት ሀኑና ባቄላ እየፈለፈሉ። «ሥራህ ዓምዱ ያለውን መናገር ነው። ዓምዱ ያለውን ተናገር። ዛሬም፣ ነገም፣ የዛሬ ወርም።»

«ግድቡስ፣ እማዬ?»

«ሰውየው ግድብ አይቶ ያውቃል?»

ተያየን።

«ወንዝ በፈረስ የሚሻገር ሰው፣» አሉ ሲት ሀኑና፣ «ጭቃ ካሳዩት ጭቃ ይቆርጣል።»

በአገራችን ሥርዓት፣ ግድቡ በሚቆረጥበት ቀን ከእውነተኛው ግድብ ፊት ለፊት አንድ የጭቃ ቁልል ይሠራል፤ የወንዙ ሙሽራ እንላታለን። ወትሮ በወገብ ልክ ናት፤ ውሃው ሲመጣ ያፈርሳታል፣ ሰውም ይደሰታል። በዚያ ሐሙስ ግን ከተማው ሁሉ ወጥቶ ሁለት ሰው የሚያህል ቁመት፣ የመስጊድ አጥር የሚያህል ርዝመት ያላት ሙሽራ ሠራ። እውነተኛውን ግድብ ሰሌን አልብሰን፣ ዘንባባ ደርድረን፣ የእንግዶች መቀመጫ አደረግነው። ኤሚሩ ዓርብ ከሰዓት ግድቡ ላይ ተቀምጠው ግድቡ ወዴት ነው እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ።

ሪዝቀላህ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ቆመ። አልዋሸም። «ዓምዱ እንደሚለው፣» አለ፣ «አሥራ ስድስት ክንድ ከሁለት ጣት!»

«ሁለቱ ጣት በእኔ በረከት ነው» አሉ ኤሚሩ ለጸሐፊው። «ለብቻው ጻፈው።»

ከዚያ የብር መቆፈሪያ ይዘው ወረዱና ሙሽራዋን መቷት። ጭቃው ተናደ፤ ከኋላው የተጠራቀመ አንድ ሁለት እንስራ ውሃ ፈሰሰና የፈረሳቸውን ኮቴ አረጠበ። እኛ ጮህን፤ በእርግጥም ደስ ብሎን ነበር። ጸሐፊው «ውሃው እንደ አንበሳ ተወረወረ» ብሎ ጻፈ። ኤሚሩም በዚያ ደስታ ላይ ቆመው ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ፦ ዓምዱ ያለውን የሚቃወም፣ «እኔ በዓይኔ አየሁ» የሚል፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሃምሳ ይገረፋል። ቀጥለውም ከካይሮ ተጠርተው ታላቅ ሹመት እስኪሰጣቸው ድረስ በከተማችን ሊቀመጡ መወሰናቸውን ነገሩን። ሲት ሀኑና ይህን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን እጅ አዩ። ሂናው መልቀቅ ጀምሯል።

ዓባይ ግን አዋጅ ስለማይሰማ በራሱ ጊዜ መሙላት ጀመረ።

ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ጠላቶቹን ጠጉራቸውን ይዞ የሚመታ የጥንት ፈርዖን ተቀርጿል። ስሙን ከእሱ በኋላ የመጣው አስፍቆታል፤ የዚያኛውን ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው። የስንት አገር ንጉሥ እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። ለእኛ የሚያገለግለን በጉልበቱ ነው፤ ውሃው ጉልበቱን ሲነካ ልክ አሥራ ስድስት ክንድ ነው። ይህን ዓምዱ ሳይቆም የነበሩ ሰዎች አስተማሩን። ሪዝቀላህ ማለዳ ማለዳ በአንድ ዓይኑ ፈርዖኑን፣ በሌላው ዓምዱን እያየ ይወጣ ጀመር። ለእኛ የፈርዖኑን ይነግረናል፤ ለኤሚሩ የዓምዱን።

«ቁርጭምጭሚቱን አለፈ» ይለናል። ወደ ኤሚሩ ሄዶ «አሥራ ስምንት፣ ጌታዬ» ይላል።

«አሥራ ስምንት! ያ ተቀናቃኜ፣ የወንዙ ማዶ ኤሚር፣ በዘመኑ አሥራ ሰባት አይቶ ያውቃል?»

«ቅልጥሙ ተጋመሰ» ይለናል በሳምንቱ። ወደ ኤሚሩ ሄዶ «አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ...» አሉ ኤሚሩ። «በዚያው ይብቃው በለው።»

«እነግረዋለሁ፣ ጌታዬ።»

ሃያ ክንድ ማለት በእኛ አገር የኖኅ ዘመን ማለት ነው። በሃያ ክንድ ከተማ አይኖርም፤ በመስጊዱ ሚናሬት ላይ አዛን የሚለው አሣ ነው። ይህን ኤሚሩም ሰምተዋል። ጦሩም ሰምቷል፤ ከስልሳው ፈረሰኛ አንድ ስንኳ ዋና የሚችል አልነበረም። ፈረሶቹ ይሻሉ ነበር።

በአንድ ማክሰኞ ማለዳ ሪዝቀላህ ከጉድጓዱ ሲወጣ በፍጥነት ወጣ። በሰፈራችን ሲያልፍ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ጉልበቱ!» እኛም ዶማችንን አነሳን። እሱ ወደ ኤሚሩ ሄደ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ተከተልኩት።

«ሃያ፣ ጌታዬ» አለ።

ኤሚሩ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ግቢው ደረቅ ነው። ዶሮ አቧራ ትጭራለች።

«ግን እኮ» አሉ ኤሚሩ፣ «እኔ በዓይኔ...»

ጸሐፊው ዘይኑዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «በዓይኔ አየሁ የሚል፣» አለ ወለሉን እያየ፣ «ማንም ይሁን ማን...»

ኤሚሩ ከመስኮቱ ራቅ አሉ።

«ነገ ስንት ይሆናል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ነገ የእግዚአብሔር ነው፣ ጌታዬ» አለ ሪዝቀላህ። «ዓምዱ ግን የእርስዎ ነው።»

ፀሐይ ሳትከር መሰላሉ ተጫነ፤ ስልሳው ፈረሰኛ ተሰለፈ። ኤሚር ቃንቡጋ ደረቅ አሸዋ ረግጠው፣ ከማይታይ ማዕበል ሸሽተው፣ በገቡበት በር ወጡ። ጸሐፊው እንደ ጻፈው ከሆነ ግን ወንዙን ፈጽመው ድል ካደረጉ በኋላ ሌላ ሥራ ስለ ጠራቸው ነው።

ጅራታቸው ከበሩ እንደ ወጣ እውነተኛውን ግድብ ከነሰሌኑ ቆረጥነው። ውሃው ገባ። ወይ ውሃ! ቀይ፣ ወፍራም፣ እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ እየገፋ ቦያችንን ሞላና ማሳችን ላይ ተዘረጋ። ሪዝቀላህ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆመ፤ ሲያለቅስ አላየሁትም፣ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ያን ጊዜ ከሰሜን ሰፈር የኑዕማን ሁለት ከበሮዎች ተመቱ። ሴቶቹ ጣሪያቸው ላይ ወጡና ያን የቆየ እልልታ ለቀቁት፤ ከተማው ተናወጠ።

ኤሚሩ ይህን የሰሙት አሸዋው ጉብታ ላይ ሆነው ነው። ፈረሳቸውን አቁመው ረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ተመለከቱ። ከዚያ ጸሐፊውን ላኩት። ዘይኑዲን በሽምጥ ጋልቦ፣ ላብ አስጥሞት፣ ሲት ሀኑና ጣሪያ ሥር ቆመ።

«ኤሚሩ ይጠይቃሉ፣ እማማ!» ብሎ ጮኸ። «ይህ እልልታ ለእኔ ነው ወይ ይላሉ!»

ሲት ሀኑና የያዙትን ጨው አልበተኑትም። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሲገቡ ሳይጠይቁ፣» አሉ፣ «ሲወጡ ምን አስጠየቃቸው?»